ሽመላ እስኪታይ የማይፈታ ክር

«ትኩረት! ትኩረት! የተከበራችሁ የዶልና ቭራና ነዋሪዎች! ከማዘጋጃ ቤቱ የተሰጠ ይፋዊ መግለጫ። የዘንድሮዋን የመጀመሪያ ሽመላ አየሁ የሚል ማንኛውም ሰው፣ በዕለቱ አረቄ ያልቀመሰ ምስክር ይዞ እንዲቀርብ በጥብቅ እናሳስባለን። ያለ ምስክር የታየች ሽመላ እንዳልታየች ትቆጠራለች! መልካም የማርች መግቢያ!»

ከንቲባችን ኩንቾ ይህን ያወጀው በማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ በተተከለው አሮጌ ድምፅ ማጉያ ነው። ማጉያው ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ለመርዶ ስለሆነ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ሲጀምር መንደሩ በሙሉ መጀመሪያ ራሱን ዳሰሰ፤ ያዳመጠው ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ሽማግሌዎች «እኔ ቀድሜ አየኋት» ተባብለው በከዘራ ተፈነካክተዋል። ዘንድሮ ኩንቾ ነገሩን በሕግ ሊይዘው ቆርጦ ተነስቷል።

ነገሩ ለእኛ ቀልድ አይደለም። ማርች ሲገባ ነጭና ቀይ ክር ገምደን ማርተኒፃ እንሠራለን። እጃችን ላይ እናስራለን፣ የበጉ አንገት ላይ እናስራለን፣ የፖም ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ እናስራለን። የታሰረው የሚፈታው ሽመላ ስትታይ ነው። ቀድሞ የፈታ ሰው ዓመቱን ሙሉ ጥርሱን ቢያመው፣ ላሙ ብትነጥፍ፣ ሚስቱ ጥላው ብትሄድ፣ «አይዞህ» የሚለው የለም። «ማን ፍታ አለህ?» ይባላል፣ አለቀ።

መንደራችን ዳኑብ ወንዝ ዳር ናት። ክረምቱ ሲያልቅ ጉሙ ከወንዙ ይነሳና ገብቶ እንደ ባለቤት ይቀመጣል። ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሕፃን ሲያለቅስ የሰማነው መቼ እንደሆነ ብንጠየቅ እንጣላበታለን እንጂ አንስማማም። በራችን ሁሉ ላይ ግን ሰው አለ። ሟች በሞተ ቁጥር ፎቶውን በወረቀት አትመን በር ላይ እንለጥፋለን፣ ዝናብ እስኪበላው ድረስም እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ሰው የሌለበት ቤት በር ላይ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ሰው ቆሞ መንገዱን ያያል።

ያ አዋጅ በታወጀበት ቀን፣ ካሜን ሚስቱን ኔዳን ከከተማው ሆስፒታል በመኪናው ይዟት ገባ። ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። የሞቱት ጎረቤቶቻችን ከየበሩ ላይ ሆነው አሳለፏቸው።

ኔዳ ከተማ ወርዳ ሂሳብ የምታስተምር፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ወር በመጣ ቁጥር ሆዷን ይዛ ወለል ላይ ትጠቀለል ነበር። ሐኪም ሁሉ «ስትወልጂ ይተውሻል» ይላት ነበር፤ አገባች፣ ልጁ ግን እምቢ አለ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም፣ ዶክተር ታሸቫ፣ ስሙን ነገረቻት፦ ኢንዶሜትሪዮሲስ። ማህፀን ውስጥ ብቻ መብቀል የነበረበት ሽፋን ውጭ ወጥቶ፣ ሆድ ዕቃ ላይ እየበቀለና በየወሩ እየደማ የሚያቆስል በሽታ ነው። ዶክተሯም በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብታ ለረጅም ሰዓት ሠራች።

ከሆስፒታል ስታስወጣቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር የነገረቻቸው።

«ደህና አድርገሽ ስሚኝ፣ ኔዳ። ባልሽም ይስማ፤ ባል ሲሰማ ግማሹን ነው የሚይዘው። ሆድ ውስጥ ያለው ሁሉ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚኖረው። አንቺ ጋ በሽታው ሙጫ ሆኖ ጠበቀኝ። እንቁላል የሚያመነጩት ሁለቱ እንቁልጢዎችሽ ከማህፀንሽ ጀርባ ተሳስበው ተጣብቀው ነበር፤ አንጀትሽንም ጎትተው አስገብተውት ነበር። አንድ አጥር ላይ የተደገፉ ሦስት ሐሜተኞች ይመስሉ ነበር። አላቀቅኳቸው። ግን የተላቀቀ ቦታ ቁስል ነው። ቁስል ከቁስል ጋር ከተነካካ እንደ ሸረሪት ድር ያደራል፤ ተመልሶ ይጣበቃል። ያኔ የደከምኩት ከንቱ ነው።»

ካሜን የሚስቱን ሆድ በጣቱ አመለከተ። «ይህስ አዝራር?»

ከእምብርቷ በታች፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ የሸሚዝ አዝራር የመሰሉ ነገሮች ቆዳዋ ላይ ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ላይ ከውስጥ የመጣ ክር ተቋጥሯል።

«እንቁልጢዎቹን እንደ ልብስ ሰቅዬልሻለሁ» አለች ዶክተሯ። «ቁስሉ ቆዳ እስኪያወጣ ድረስ እንዳይነካኩ። ክሩ በሆድሽ ግድግዳ በኩል ወጥቶ አዝራሩ ላይ ታስሯል፣ ቆዳሽን እንዳይቆርጥ። ሳምንቱ ሲያልቅ ስትመጪ እስበዋለሁ፤ እነሱም ወርደው ቦታቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ከቆየ ቀዳዳው ያመረቅዛል። የተሰቀለውም ከተሰቀለበት ግድግዳ ጋር ራሱ ይጣበቃል። እስከዚያ ተራመጂ። አልጋ አልወድም፤ ተራመጂ።»

«ልጅስ?» አለች ኔዳ።

«እኔ ልጅ አልሸጥም። መንገድ ነው የምጠርገው። መንገዱ እንዳይዘጋ የማድረጉ ነገር ግን አሁን ያንቺ ነው።»

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር።

ቤት ሲደርሱ የካሜን እናት ባባ ዳፊና ተቀበሏቸው። እኛ ዘንድ አሮጊት ሁሉ ባባ፣ ሽማግሌ ሁሉ ዲያዶ ነው፤ ባባ ዳፊና ግን የባባዎች ሁሉ ባባ ናቸው። ባላቸው ዲያዶ ገንቾ ምድጃው አጠገብ ቆመዋል። በጀልባ ሲሠሩ ዳሌያቸው ስለተሰበረ፣ ሲቆሙ ግራ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው በቀኙ ብቻ ነው የሚቆሙት። አይናገሩም። ዳፊና የሁለት ሰው ድርሻ ስለሚናገሩ የቤቱ ወሬ በዚያው ይሞላል።

ዳፊና ምራታቸውን አስተኝተው፣ ሸሚዟን ገልጠው ሲያዩ ዝም አሉ። ይህ ራሱ አስፈሪ ነው።

ከዚያ ቀስ ብለው አማተቡ። «ካሜን። ና ወዲህ። ይህን ማን አሰረው?»

«ሐኪሟ፣ እማ። የሐኪም ክር ነው።»

«የሐኪም ክር ነጭና ቀይ ይሆናል?»

ካሜን ጎንበስ ብሎ አየ። ክሩ ነጭ ነበር። በቆዳዋ በኩል የወጣው ግማሹ ግን ደም ጠጥቶ ደርቋል። ሁለቱ ጫፎች አዝራሩ ላይ ተገምደው፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ፣ ልክ ባባ ዳፊና ጠዋት በጉ አንገት ላይ ያሰሩትን ይመስላሉ። ቀኑም ያው የማርች መግቢያ ነው።

«እማ፣ ቀዩ እኮ ደም ነው።»

«ታዲያ ቀዩ ከምን ይመጣል ብለህ ነበር?»

ካሜን ቀና ብሎ እናቱን አየ። የዚህን መልስ እኛ እስከ ዛሬ አላገኘንም።

«ያቺ ሴትዮ ዐዋቂ ናት» አሉ ዳፊና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከተማ ለከተማ የምትዞር መስሎኝ ንቄያት ነበር። ማሰሪያውን ማህፀኗ ላይ አሰረችላት! ስሚኝ ልጄ፣ ይህን ሽመላ ሳይታይ የሚነካ እጁ ይድረቅ። ሽመላ ሳይታይ ከተፈታ፣ ሽመላዋ በዚህ ቤት ላይ ክንፏን ሳታጥፍ ታልፋለች። ገባሽ?»

«እማማ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ መውጣት አለበት ብላኛለች» አለች ኔዳ።

«ማርተኒፃ ነዋ፣ በሷ ትዕዛዝ አይወጣም። አሳሪዋ ሰው ብትሆንም ፈቺዋ ሽመላ ናት።»

ሽመሎች ከወሩ አጋማሽ በፊት አይመጡም። ይህን የማያውቅ በመንደሩ ውስጥ የለም።

ወሬው ከሾርባው ሽታ ቀድሞ ወጣ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ባባዎቹ መጡ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፤ እኛ ዘንድ ሴት ባሏ ሲሞት ጥቁር ትለብሳለች፣ ከዚያ ለማውለቅ ጊዜ የላትም። ከኔዳ አልጋ ፊት ለፊት በረጅሙ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ዳፊና ብርድ ልብሱን ገለጡላቸው።

አዝራሮቹ ከኔዳ ትንፋሽ ጋር ከፍ፣ ዝቅ ይሉ ነበር።

ባባዎቹ አዩ። አላወሩም፣ አልተሳለሙም፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የምድጃው ፍም ብቻ ነበር። ሳያውቁት ትንፋሻቸው ከአዝራሮቹ ጋር ሆነ። አዝራሩ ሲነሳ ጥቁሩ ረድፍ በሙሉ ተነሳ፣ ሲወርድ ጥቁሩ ረድፍ በሙሉ ወረደ። ኔዳ ትንፋሿን ያዘች። እነሱም ያዙ።

የግራው አዝራር ግን ተነሳ።

«አየሽው?» አሉ ባባ ፆንካ፣ ሁለት ጥርስ ብቻ የቀራቸው ጎረቤት። «እሷ ሳትተነፍስ ነው የተነሳው። ከውስጥ የሚስብ አለ።»

«ከውስጥ አይደለም፣ ከውጭ ነው» አሉ ሌላዋ። «ከውጭ ነው የሚስባት።»

«ዝም በሉ፣ ልጅቷን አታስፈራሯት» አሉ ዳፊና፤ እሳቸው ግን በደስታ እያበሩ ነበር።

«እኔ የሚያስፈራኝ የእናንተ ዝምታ ነው» አለች ኔዳ፤ ሳቀች። ሳቋ ግን የሳቅ አልነበረም።

ባባዎቹ ሲነሱ እያንዳንዳቸው ከጉያቸው ነጭና ቀይ ክር አውጥተው የአልጋው ራስጌ ላይ አሰሩ። በነጋታው ተመለሱ፤ ግርጌው ላይም አሰሩ። ከዚያ ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው ወጠሩት፣ ባባ ፆንካም በኔዳ ብርድ ልብስ ላይ በአግድም አሳልፈው አሰሩት፣ «እንዳትንቀሳቀስ» ብለው። ክሩ እንዳይላላ መንቀሳቀስ የለባትም። እንደ አራስ መተኛት አለባት። ሾርባው በማንኪያ ይገባላታል፤ ባልዲው ከአልጋው ሥር ይገባላታል።

ሦስተኛው ጉብኝት ሲያበቃ ኔዳ እጇን ለማንሳት ሞከረች፣ ከክሩ ላይ ተንጠለጠለ። ዙሪያዋን አየች። ከላይ፣ ከጎን፣ ከእግር በኩል፣ ክር ክር ላይ ወጥቶ ድር ሠርቷል። ዶክተሯ ስለ ሆዷ ውስጥ የነገረቻት ነገር ትዝ አላት፣ ልክ ይህን የመሰለ።

ካሜን በርከክ ብሎ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከ። «ኔዳ፣ ልነቃቅለው ይህን ሁሉ? አሁን ልውሰድሽ?»

«ካሜን፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትስቅ።»

«አልስቅም።»

«ይስበኛል። የግራው። ወደ መስኮቱ ነው የሚስበኝ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ስተኛ ይከራል፣ ወደ መስኮቱ ስዞር ይላላል።»

ካሜን በመስኮቱ አየ። ከአጥራቸው ማዶ የመብራት ምሰሶ አለ፤ ጫፉ ላይ አምና የተሠራው የሽመላ ጎጆ፣ ባዶውን፣ ጉሙ ውስጥ እንደ ተደፋ ቅርጫት ጠቁሮ ይታያል።

ሳቅ ማለት ፈለገ፣ አልሆነለትም።

ሳምንቱ ባለቀበት ጠዋት በቀኙ አዝራር ሥር ያለው ቆዳ ቀላ፤ ሲነኩት ይሞቃል። ካሜን ደጅ ወጥቶ ለዶክተሯ ደወለ።

«ዛሬ ነበር መምጣት የነበረባችሁ!» ጮኸች ዶክተሯ። «ትራመዳለች?»

«አትራመድም።»

«ለምን?»

ካሜን ምን ይበላት? የተማረች ሴት ናት። «ጉም ነው» አላት።

«ጉም ሆድ ውስጥ አይገባም፣ ወንድሜ። ነገ ካላመጣሃት የሰቀልኩት ሁሉ በተሰቀለበት ይቀራል። ከዚያ ወዲያ እኔ የምቆርጠው ጠባሳ ነው እንጂ የማተርፈው የለኝም። ነገ!»

ገብቶ መቀስ አነሳ። ኔዳ ዓይኗን ጨፍናለች። ብርድ ልብሱን ቀስ ብሎ ገለጠ፣ መቀሱን ወደ አዝራሩ አስጠጋ።

«አስቀምጠው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ኔዳ፣ እባክሽ። ሂሳብ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ? ክር እኮ ነው! የሚሸጥ ክር!»

«አውቃለሁ ክር እንደሆነ። ካንተ በፊት አውቃለሁ። ግን ዛሬ ቆርጬው ልጅ ባይመጣ ምን እንደሚባል ታውቃለህ? እናትህ እስክትሞት ድረስ በየሾርባው ውስጥ ትጨምርልኛለች፦ ‹ፈታሽው እኮ›። ከሞተችም በኋላ በሩ ላይ ከተለጠፈው ፎቶዋ ታየኛለች። አንተም ታየኛለህ። አፍህ አይልም፣ ዓይንህ ይላል።»

«እኔ? እኔ አልልሽም!»

«እኔ ለራሴ እላለሁ፣ ካሜን። እሱ ነው የከፋው። ስንት ዓመት ሙሉ የራሴ ጥፋት እንደሆነ ሲነገረኝ ኖሬ፣ አሁን አንድ እውነተኛ ጥፋት በእጄ አልሠራላቸውም።» ዓይኗን ገለጠች፣ እንባ ሞልቶታል። «ሽመላ አሳዩኝ። አሁኑኑ ተነስቼ በእግሬ እሄዳለሁ። ሽመላ አሳዩኝ!»

ዳፊና በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ስለ አንዲት ምራት ከዚህ በላይ ኮርተው አያውቁም። የቀላውን ቆዳ ሲያዩ ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ እጃቸው ወደ ክሩ ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። ሴትየዋ ክፉ አይደሉም። የልጅ ልጅ ነው የሚፈልጉት፤ ያሰሩትን መፍታት ነው ያልቻሉት። «ማርቲና እናቴ፣ ምን ባደርግ ይሻላል?» ብለው ግድግዳው ላይ ያለችውን የሟች እናታቸውን ፎቶ ጠየቁ። 

ዲያዶ ገንቾ ምድጃው አጠገብ ቆመው ነበር። ፖም ይልጡ ነበር፤ ልጣጩ ሳይቆረጥ እስከ መሬት ወርዷል። ቢላዋቸውን አጠፉ። ቆባቸውን ደፉ። ከዘራቸውን ግን ከተደገፈበት አላነሱትም።

«የት ነው?» አሉ ዳፊና።

በሩ ተዘጋ። ካሜን በመስኮቱ ሲያይ አባቱ ግቢውን ሲያቋርጡ ጀርባቸው ታየው። እያነከሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጡ፣ ከዚያ ጉሙ ዋጣቸው። የአጥሩ በር ሲከፈት አልተሰማም።

ያ ጠዋት ነበር። ምሳ ሳይደርስ ድምፅ ማጉያው ጉሮሮውን ጠረገ። ሁላችንም ራሳችንን ዳሰስን።

«ትኩረት… ትኩረት…» ኩንቾ ነበር፣ የመንግሥት ቋንቋው ጠፍቶበታል። «ሰዎች፣ እ… ውጡና እዩ። ምስክር አያስፈልግም። ውጡ።»

ወጣን። ጉሙ እንደ እርጥብ አንሶላ ፊታችን ላይ ይነካ ነበር። ከምሰሶው ሥር ስንሰበሰብ ቀና አልን፤ ጎጆው ውስጥ ሽመላ ቆማለች።

በአንድ እግሯ ቆማለች፣ ግራዋን ሰብስባ። ሽመላ ስትመጣ ምንቃሯን ታንቋቋለች፣ መንደሩ በሙሉ እንደ ሸክላ ይንቋቋል፤ ይህቺ ድምፅ አልነበራትም። ከሽቦው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ከእኛም ቆብ ይንጠባጠባል፤ እሷ ግን ደርቃለች። በግ ሁሉ ዝም ብሏል። ባባ ፆንካ «እንኳን ደህና…» ብለው ጀምረው አልጨረሱትም።

ዳፊና ወደ ቤት ሮጡ፤ እኛ ሲሮጡ አይተናቸው አናውቅም። የበግ መሸለቻውን መቀስ ይዘው ያን ሁሉ ድር ከራስጌ እስከ ግርጌ ቆራረጡት። «ተነሺ ልጄ! ተነሺ፣ መጥታልሻለች!»

ኔዳ በካሜን ላይ ተደግፋ ወጣች። እግሯ ረስቶ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ሊጥላት ሲል ባሏ ያዛት። ከዚያ ግን «ልቀቀኝ» አለችና ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎበጥ ብላ፣ በራሷ ግቢውን አቋረጠች። ሰዉ መንገድ ከፈተላት። ምሰሶው ሥር ደርሳ ቀና አለች።

ሽመላዋ አንገቷን አዞረች። ቀስ ብላ ነው ያዞረችው፣ ድካም እንዳለበት ሰው። ኔዳን አየች። በቃ አየቻት፣ ረጅም ጊዜ።

«ለቀቀኝ» አለች ኔዳ።

«ምን?» አለ ካሜን።

«የሚስበኝ ነገር። ለቀቀኝ።» አዝራሩን በሸሚዟ ላይ ነካችው። «መኪናውን አምጣ።»

«ምን ትገተራለህ!» ጮኹ ዳፊና በልጃቸው ላይ። «ሽመላ ታየ አይደል? ውሰዳትና ያስፈቷት!»

ዶክተር ታሸቫ እያየች ተሳደበች፣ እየተሳደበች ቀዳዳውን አጠበች። ከዚያ ቋጠሮውን ቆርጣ ክሩን ሳበችው፤ ከሊጥ ውስጥ ፀጉር ሲወጣ እንደሚንሸራተት እየተንሸራተተ ወጣ። መጀመሪያ የቀኙ፣ ቀጥሎ የግራው። ኔዳ ከውስጧ የሆነ ነገር ወርዶ ቦታው ሲቀመጥ ተሰማት፣ ወይም የተሰማት መሰላት።

«አንድ ቀን ብትቆዪ ኖሮ!» አለች ዶክተሯ። «አስተማሪ አይደለሽም እንዴ? ምን ስትጠብቂ ነበር?»

«ሽመላ።»

 ነርሷ መሬት መሬት አየች። ዶክተሯ ጓንቷን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ ሌላ ነገር የምታስብ መስላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ታየች?» አለች በመጨረሻ።

«ታየች።»

ዶክተር ታሸቫ የነጩን ካፖርት እጅጌ ገፋ አድርጋ፣ አንጓዋ ላይ የነበረውን ማርተኒፃ በጥርሷ ፈታችው።

ሲመለሱ ጎጆው ባዶ ነበር። ሽመላዋ ስትሄድ ያየ የለም። አንዳችን ዓይናችንን ስናሽ፣ ሌላችን ስንስል፣ የለችም። ዲያዶ ገንቾ ምድጃው አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። መዳፋቸው ሁለቱም ተጋግጧል፣ ሸሚዛቸውና ቆባቸው ግን፣ ያን ሁሉ ሰዓት ጉም ውስጥ ቆይተው፣ ደረቅ ነበር። ዳፊና አንድ ጊዜ አዩዋቸው። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ሾርባ አቀረቡላቸው። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም።

ከንቲባ ኩንቾ ግን የመንግሥት ሰው ነው፣ አልተኛበትም። የእኛን ጎጆ ሽመላ የወፍ ተመራማሪዎች አምና ጀርባዋ ላይ መከታተያ አስረውባት ነበር፤ ስልኩ ላይ የት እንዳለች ያሳየዋል። በዚያ ቀን ገና ከናይል አልተነሳችም ነበር። ረግረግ ውስጥ እንቁራሪት እየበላች ነበር።

«እንግዲያው የትምህርት ቤቱ ናት!» አለ ኩንቾ። በተዘጋው ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ውስጥ በገለባ የተሞላች የሞተች ሽመላ በመስታወት ቁም ሳጥን ትቀመጥ ነበር፤ ከመካከላችን አብዛኛው የወፍን አፅም የተማረው በሷ ነው። «ገንቾ ሰርቆ አውጥቶ እዚያ አቁሟታል! ተንኮለኛ ሽማግሌ!» ተንፈስ አልን። ደስም አለን፤ የሰው ተንኮል ነው፣ እናውቀዋለን። ኩንቾን ተከትለን ሄድን፣ የዛገውን ቁልፍ ሰብረን ገባን።

ሽመላዋ በቁም ሳጥኗ ውስጥ ናት። በሁለት እግሯ ቆማለች፣ ሁለቱም ከጣውላው ጋር በሚስማር ተመትተዋል። የመስታወቱ በር ድሮ በተቀባ ቀለም ተጣብቆ አልተከፈተም። ወለሉ ላይ ያለው አቧራ ከእኛ እግር በቀር ማንም አልረገጠውም።

ኩንቾ በማግሥቱ በማጉያው ምንም አላወጀም።

ከወሩ አጋማሽ በኋላ እውነተኞቹ ሽመሎች መጡ፣ ጥንድ ሆነው። ጎጆው ላይ ዞሩ። ዞሩ፣ ዝቅ አሉ፣ እግራቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ አንድ ነገር እንደነካቸው ሆነው ክንፋቸውን መትተው ተነሱ። ቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ላይ ሄደው ሠሩ። ያ ጎጆ እስከ ዛሬ ወፍ አልገባበትም፣ ድንቢጥ እንኳ።

በበጋው ኔዳ ለምርመራ ሄደች። እስከዚያ ድረስ በየጠዋቱ የወንዙን ዳር ይዛ ትራመድ ነበር፤ ባባዎቹ ከየደጃፋቸው ያዩዋታል፣ አንዳቸውም አልከለከሏት። ዶክተር ታሸቫ የምርመራውን ማያ ወደሷ አዞረችላት፣ መሣሪያውንም ሆዷ ላይ ጫን አደረገችው።

«እዪ። ስገፋው ይሄዳል። ስለቀው ይመለሳል። ይኸኛውም። አልተጣበቁም፣ አንዱም አልተጣበቀም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «መንገዱ ክፍት ነው፣ አስተማሪ። በሚቀጥለው ወር መሞከር ትችላላችሁ። ከዚህ በላይ ቃል አልገባም።»

ኔዳ ማያው ላይ የሚንሸራተተውን ጥላ እያየች ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፣ ዶክተሯም አላቻኮለቻትም።

በዚያው ቀን ካሜን ቤት ሲደርስ አባቱን አጥሩ ጋ አገኛቸው። ጀርባቸውን ለምሰሶው ሰጥተዋል።

«አባዬ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው አለች ዶክተሯ።»

ገንቾ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ረጠበ።

«አባዬ። ያን ቀን የት ነበርክ?»

ገንቾ መዳፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ለኩንቾ አልነግርም። ለእማም አልነግርም። ምን አድርገህ ነው? እጅህን የጋጠው ምንድን ነው? ማንን ነው የጠየቅከው? የሰጠኸው ነገር ካለ ልወቀው እንጂ፣ ልጅህ አይደለሁም እንዴ?»

«ነህ» አሉ ዲያዶ ገንቾ። «አልናገርም።»

«ለምን?»

«እሱንም አልናገርም።»